ይሉኝታ የጨበጠው ምላጭ

እኛ ሰፈር ብርጭቆ የሰበረች ልጅ የሚጠብቃት ስድብ የታወቀ ነበር። «ምነው፣ አልተገረዝሽም እንዴ?» ትባላለች። ያልተገረዘች ሴት ዕቃ ትሰብራለች ነው ነገሩ። እጇ አያርፍም፣ ዓይኗ ይቀላውጣል፣ ባሏን አትሰማም። ማን እንዳረጋገጠው አይታወቅም። ሴቱ ሁሉ በተገረዘበት አገር ያንን ሁሉ ብርጭቆ የሰበሩት የተገረዙት ናቸው። ይህን ልብ ያለ ሰው ግን አልገጠመኝም።

ስለ ክፉ ልማድ ሲወራ «ሕዝቡ በጭፍን ይከተላል» ማለት ይቀናናል። እኔም ስል ኖሬያለሁ። ከምባታ ግርዛትን የተወበትን ጉዳይ ቀረብ ብዬ ሳየው ግን ጭፍን ያልኩት ሰው ዓይኑ ፈጦ ነበር። ደሙን ያያል፣ ጩኸቱን ይሰማል። የሚፈራው ሌላ ነገር ነው። ለዚያ ነገር አማርኛችን አንድ ቃል አለው፤ ይሉኝታ። «ይሉኛል» ከሚለው የወጣ። ማን ነው የሚለኝ? እሱ አይታወቅም። ብቻ ይሉኛል።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልማዱ

ከምባታ በደቡብ ኢትዮጵያ ያለ ደጋ ነው። ከተማው ዱራሜ፣ ተራራው አምበርቾ፣ የጓሮው ሀብት እንሰት። መሬቱ ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ።

ጎጃም ላይ ሴት ልጅ የምትገረዘው በተወለደች በሳምንቷ ነው። ምንም አታስታውስም። ከምባታ ግን ልጅቷ ነፍስ ካወቀች በኋላ ነበር፤ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆናት ወይም ከዚያ አለፍ ስትል፣ ለትዳር እንደ መዘጋጃ። ስለዚህ ታስታውሰዋለች። እግሯን የያዙትን ሴቶች በስም ታውቃቸዋለች። በማግስቱም እነሱው ናቸው «እንኳን ደስ ያለሽ» የሚሏት።

ጠላቶቿ አልነበሩም። አስገራዧ እናቷ ናት። እናት ይህን የምታደርገው ልጇን ጠልታ ሳይሆን ልጇ ሳታገባ እንዳትቀር ፈርታ ነው። ያልተገረዘች ሴት ባል የላትም። መሬትም ክብርም በትዳር በኩል በሚገኝበት አገር ባል የላትም ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ አይጠፋውም። እናቲቱ ሒሳብ ሠርታለች። የአንድ ቀን ሕመም በአንድ ወገን፣ የዕድሜ ልክ ውርደት በሌላ ወገን። በተሰጣት ቁጥር ካየነው ሒሳቧ ትክክል ነው። የተሳሳተው ቁጥሩ ነው።

ከዛቶ የወጣችው ልጅ

ቦጋለች ገብሬ የተወለዱት ከምባታ ውስጥ ዛቶ በምትባል መንደር ነው። ውኃ ልትቀዳ የወጣች እየመሰሉ በድብቅ ፊደል የቆጠሩ ልጅ ነበሩ። በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ገደማ ተገረዙ። ደማቸው አልቆም ብሎ ለሞት ተቃርበው ነው የተረፉት። አንዲት እህታቸው ደግሞ በወሊድ ሞተች።

ትምህርቱ ወሰዳቸው። መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎ አሜሪካ። እዚያ ብዙዎቻችን የምናደርገውን ማድረግ ይችሉ ነበር፤ ሎስ አንጀለስ መኖር፣ በዓመት አንዴ ብር መላክ፣ ሠርግ ላይ ስለ አገር ማውራት። በ1997 ግን 5,000 ዶላር ይዘው ተመለሱና ከእህታቸው ከፍቅርተ ገብሬ ጋር አንድ ድርጅት አቋቋሙ። ሰው በአጭሩ ኬኤምጂ ይለዋል። ሙሉ ስሙ በከምባትኛ የከምባታ ሴቶች አብረው ሲሠሩ እንደማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ የሚጥመኝ። ከውጭ የመጣ የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ሰብስቦ ያስተምራል። «ይህ ባህላችሁ ጎጂ ነው» ይላል። ሕዝቡ አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማል፣ አበሉን ተቀብሎ ይሄዳል፣ ማታ እንደ ልማዱ ያድራል።

ቦጋለች ግን መጀመሪያ ጠየቁ። ምን ቸገራችሁ? መልሱ ግርዛት አልነበረም። ድልድይ ነበር። ልጆች ወንዝ ተሻግረው ትምህርት ቤት መድረስ አልቻሉም፤ ገበያተኛውም ገበያው ራቀው። ስለ ሴት ልጅ ገላ ሊያወራ የመጣው ድርጅት በመጀመሪያ የሠራው የወንዝ ድልድይ ሆነ።

አንዳንዱ ይህን ብልጠት ይለዋል፤ እጅ መንሻ ቢጤ። እኔ አይመስለኝም። ሰው ቃሉን የጠበቀለትን ሰው ነው የሚያዳምጠው። ድልድዩ ከቆመ በኋላ ቦጋለች «የማይወራ ነገር ላውራ» ቢሉ ቢያንስ ተቀምጦ የሚሰማ ይኖራል። ወሬውም ብቻውን አልመጣም፤ የኤችአይቪ ወሬ አብሮት ገባ። አንድ ምላጭ ለስንት ልጅ? የሚለው ጥያቄ ባህልን ሳይሳደብ ባህሉ ውስጥ መግቢያ ሆነ።

ሰባት ዓመት ዘግይቶ የሚመጣ ሒሳብ

ከ2002 ጀምሮ ኬኤምጂ የማህበረሰብ ውይይት የሚባለውን ዘዴ ያዘ። በወር ሁለት ጊዜ ወንድ፣ ሴት፣ ሽማግሌ፣ ወጣት፣ የሃይማኖት አባት አንድ ላይ ይቀመጣሉ። አወያይ አለ፣ አስተማሪ የለም። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። አስተማሪ ባለበት መልሱ ከፊት ለፊት ይመጣል። አወያይ ባለበት መልሱ ከጎንህ ከተቀመጠው ጎረቤትህ ይመጣል።

ሰው ለምን ቀደም ብሎ አልነቃም ለሚለው ሁለት ነገር ይታየኛል። አንደኛው ጊዜ ነው። ልጅቷ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ትገረዛለች። ቁስሏ ይሽራል፣ ድግሱ ይረሳል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ምጥ ላይ ስትወድቅ፣ ጠባሳው አልሳብ ሲል፣ ስትቀደድና ደም ሲፈሳት፣ ያንን ከሰባት ዓመት በፊት ከነበረው ምላጭ ጋር የሚያያይዝ ማን ነው? የፈጣሪ ቁጣ፣ ቡዳ፣ ዕድል ይባላል። ሁለተኛው ከብርጭቆው ጋር አንድ ነው። ሁሉም ሴት ስለተገረዘች የምትወዳደር የለችም። ያልተገረዘች ሴት ምጥ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ሰፈሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ ጭንቁ ሁሉ «ወሊድ ማለት ይሄው ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ውይይቱ ሁለቱን ጫፎች አገናኛቸው። ወንዶቹን ደግሞ አስቡ። «የተገረዘች ካልሆነች አላገባም» የሚለው ወንድ ግርዛት ሲካሄድ አይቶ አያውቅም። የሴት ጓዳ ነው፣ አይገባም። ሴቶቹ «ወንዶቹ ናቸው የሚፈልጉት» ይላሉ። ወንዶቹ «የሴቶች ጉዳይ ነው» ይላሉ። መሃል ላይ ምላጩ ሥራውን ይሠራል።

አንዴ ቡና ላይ አክስቴን ጠየቅኋት። የመጀመሪያ ልጇን በሳምንቷ ለምን አስገረዘቻት? «እኔማ መች ወድጄ፣ አማቴ ምን ይሉኛል ብዬ ነው እንጂ» አለችኝ። አማቷ ያኔ በሕይወት ነበሩ። ሌላ ቀን እሳቸውን ሳገኝ አላስቻለኝም፣ «እትዬ፣ እርስዎ ኖት ያስገረዟት?» አልኳቸው። «ኧረ እኔ ምን በወጣኝ!» አሉ። «የሕፃኗን ልቅሶ አልችል ብዬ ጓሮ ወጥቼ ነበር። ምራቴ ልጄን ናቀችብኝ እንዳትል ብዬ ዝም አልኩ።» ሁለት ሴቶች፣ አንድ ጎጆ፣ አንዷም አልፈለገችም። ግን ልጅቷ ተገረዘች።

ወግ ነው ሲዳሩ ማልቀስ ይባል የለ? ማልቀሱ እንኳ ወግ ሲሆን ማን የእውነቱን እንዳለቀሰ በምን ይታወቃል?

ሠርጉ

ችግሩ እንግዲህ ይህ ነው። ውይይት ላይ ተቀምጠህ ሰውን ማሳመን ይቻላል። ያመነው ሰው ግን ብቻውን ካመነ አያደርገውም። እኔ ልጄን ባላስገርዝ፣ የጎረቤቴ ልጅ ብትገረዝ፣ ባል የሚያጣው የማን ልጅ ነው? የእኔ። ስለዚህ የመጀመሪያዋ እናት ሁሌም ሞኝ ትመስላለች።

መፍትሔው በሠርግ መጣ። በ2002 ከምባታ ውስጥ አንዲት ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ተዳረች። ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው ተገኘ። ሚዜዎቿ ያልተገረዙ ልጃገረዶች ነበሩ። ሙሽራዋ ጽሑፍ አንግታለች፦ «አልተገረዝኩም፤ ከእኔ ተማሩ» የሚል። ሙሽራውም አንግቷል፦ «ያልተገረዘች ሴት በማግባቴ በጣም ደስ ብሎኛል»።

ይህን ሥዕል በዓይነ ሕሊናችሁ ያዙልኝ። ነጭ ቬሎ፣ ከላዩ ላይ ካርቶን። ሰው በሠርጉ ቀን የሚደብቀውን ገላውን በጽሑፍ አንግቶ ለ2,000 ሰው ማሳየት! እኔ ብሆን በኀፍረት እሞት ነበር። ደግሞም ለመልካም ነገርም ቢሆን የሴት ልጅ ገላ የአደባባይ ወሬ መሆኑ ደስ አይለኝም። ግን ሥራውን ሠራው፤ የትኛውም ስብከት ሊሠራው የማይችለውን። «ያልተገረዘች ባል አታገኝም» የሚለውን ሒሳብ በአንድ ቀን አፈረሰው። ይኸውላችሁ ሙሽራዋ፣ ይኸውላችሁ ባሏ።

ከካርቶኖቹ የበለጠ ክብደት የነበረው የሙሽራው ይመስለኛል። «አልገረዝም» ያለች ልጅ ከዚያ በፊትም ልትኖር ትችላለች። «አገባታለሁ» ብሎ ስሙንና ፊቱን የሰጠ ወንድ ነበር የጠፋው።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር በሩቅ አገር ሆኖ ያውቃል። ቻይናውያን ለብዙ መቶ ዓመታት የሴት ልጆቻቸውን እግር እየጠፈሩ አሽመድምደዋል። ትንሽ እግር የሌላት ጨዋ ባል አታገኝም ነበር። ከዚያ ወላጆች ማኅበር አቋቁመው ቃል መግባባት ጀመሩ፤ የሴት ልጆቻችንን እግር አንጠፍርም፣ ወንዶች ልጆቻችንም እግሯ የተጠፈረ ሴት አያገቡም። ሁለተኛዋ ቃል ናት ቁልፏ። ዲንግሺያን በሚባለው የሰሜን ቻይና ወረዳ በ1889 ከመቶ 99፣ በ1899 ከመቶ 94 የነበረው በ1919 ወደ ዜሮ ወረደ። ሺህ ዓመት ገደማ የቆየ ልማድ በአንድ ትውልድ አለቀ። ጄሪ ማኪ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በ1996 ባወጣው ጽሑፍ የቻይናን እግርና የአፍሪካን ግርዛት ጎን ለጎን አስቀምጦ ይህንኑ አስረዳ፤ አንድ ቤተሰብ ብቻውን መተው አይችልም፣ የሚጋቡት ሁሉ አብረው ከተዉ ግን ቶሎ ይሞታል።

እድር ሲገባበት

ሠርጉ በሩን ከፈተ እንጂ አልጨረሰም። የጨረሰው፣ እኔ እንደሚገባኝ፣ እድር ነው።

እድር ምን እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ አላስረዳም። ሰው መንግሥትን ሊዋሽ ይችላል፤ እድሩን ግን አይዋሽም። ሲሞት ማን ድንኳን ይተክልለታል? ማን ይቀብረዋል? በከምባታ እድሮች ግርዛትን በደንባቸው ውስጥ አስገቡት። ልጁን ያስገረዘ ይቀጣል፣ ይገለላል። ያ ሁሉ ዘመን ልማዱን ሲያስጠብቅ የኖረው «ሰው ምን ይለኛል» ፊቱን አዞረ። ትናንት ያላስገረዘች እናት ነበረች የምታፍረው። አሁን ያስገረዘችው መደበቅ ጀመረች።

ሕጉስ? መጣ፣ ከኋላ። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አዋጅ ቁጥር 414 በእኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም ወጥቶ በ1997 ዓ.ም በሥራ ላይ ዋለ። አንቀጽ 565 ሴትን የገረዘ ከሦስት ወር በማያንስ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ ይቀጣል ይላል። 500 ብር! ዛሬ የአንድ ምሳ ዋጋ ነው። ሕጉ አያስፈልግም አልልም፤ እድሩ ክርክር ሲገጥመው የሚጠቅሰው ነገር አገኘ። ግን ከምባታ ሠርጉን የደገሰው ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ነው።

ኬኤምጂ ከዚያ ወዲህ «ሙሉ አካል፣ ጤናማ ሕይወት» በሚል መጠሪያ ያልተገረዙ ልጃገረዶች የሚከበሩበት ዓመታዊ በዓል አደረገ። የድሮው የግርዛት ድግስ ዘፈንና ጭፈራ ነበረው፤ ምላጩን ስትነጥቅ ድግሱን መልሰህ ካልሰጠህ ሰዉ የቀረበት ይመስለዋል። ይህን ያሰበው ሰው ሐበሻን ያውቃል።

ቁጥሩ ምን ያሳያል

የቤልጂየሙ ንጉሥ ቦዱዋን ፋውንዴሽን በ2013 ቦጋለችን ሲሸልም የተነገረው ይህ ነበር፤ ኬኤምጂ በሠራባቸው ቦታዎች ግርዛት ከመቶ መቶ ሊባል ከሚችል ደረጃ ከመቶ ሦስት በታች ወርዷል። ቁጥሩን ስሰማ ደስ ይለኛል፣ ትንሽም እጠራጠራለሁ። የሚያስቀጣ ነገር ሲጠየቅ ሰው እውነቱን ሁሉ አያወራም። እድሩ የሚያገልለው ሰው ለመጠይቅ አድራጊ «አዎ፣ አስገርዣለሁ» ይላል ብዬ አልጠብቅም። የለውጡ አቅጣጫ ግን አያጠራጥርም። ደግሞም መደበቅ ማስፈለጉ ራሱ ምስክር ነው፤ ድሮ ድግስ ተደግሶ ነበር የሚደረገው።

አገር አቀፉ ሥዕል ዝግ ያለ ነው። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ በ2000 ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 80 በመቶ ተገርዘው ነበር። በ2005 74፣ በ2016 65 በመቶ ሆነ። ይህ ቁጥር የድሮዎቹን ሴቶች ይዞ ስለሚሄድ ዘገምተኛ ነው። ወጣቶቹን ብቻ ብናይ፣ በ2016 ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት የተገረዙት 47 በመቶ ናቸው። በ2000 ከሴቶቹ 60 በመቶው ልማዱ ይቀጥል ባይ ነበሩ፤ በ2005 ይህ ወደ 31 በመቶ ወረደ። ሐሳቡ ከምላጩ ቀድሞ ወርዷል ማለት ነው። በመካከሉ ያለው ክፍተት ውስጥ እነ አክስቴ ናቸው ያሉት።

የሚከነክነኝ

አንድ ነገር ግን አልለቀቀኝም። እድሩ ስላለ የተወ ሰው ምኑ ተቀየረ? ትናንት ሰፈሩ ስላለ አስገረዘ፣ ዛሬ ሰፈሩ ስላለ ተወ። መታዘዙ ያው ነው። ነገ ደግሞ ሰፈሩ ሌላ ቢልስ? ውይይቱ ለዚህ ነው ከቅጣቱ እኩል ያስፈለገው ብዬ ራሴን አሳምናለሁ። በወር ሁለት ጊዜ እየተቀመጠ ስለ እህቱ ወሊድ ያወራ ሰውና ጥሩምባ ሰምቶ ብቻ የተወ ሰው አንድ አይደሉም። ከውጭ ግን ማን የትኛው እንደሆነ አይታይም።

ሌላ ነገርም አለ። ልማዱ በሕግ ብቻ በተከለከለባቸው አንዳንድ የአገራችን አካባቢዎች ልጃገረዶች በጓደኞቻቸው ስድብ ተማረው ራሳቸው ተደብቀው የተገረዙበት ጊዜ አለ። ወላጅ ሳያውቅ። ሕግ አባትን ሊከስ ይችላል፤ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ «አንቺ ያልተገረዝሽ» ያለቻትን የአሥራ ሦስት ዓመት ጓደኛዋን ግን ማን ይከሳል?

ከምባታ ላይ ይህ የታሰበበት ይመስላል። ያልተገረዙት ልጃገረዶች አንድ በአንድ አልተተዉም፤ በቡድን ተደራጁ፣ ሠርግ ላይ በቡድን አጀቡ፣ በዓሉ ላይ በቡድን ወጡ። ቦጋለች ገብሬ በኖቬምበር 2019 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አረፉ። ልጅ ሳሉ ፊደል ለመቁጠር ውኃ መቅጃውን ይዘው የወጡት ለብቻቸው ነበር። ከኋላቸው የመጡት ልጆች ወንዝ የወረዱት ሃያ ሠላሳ ሆነው ነው።